ፔልቴሩ ሲደክም ከሶልደሩ ስር እዩ

የውሃ ዲስፔንሰሩ ፋን ይዞራል፣ ውሃው ግን ለብ እንዳለ ነው። መጀመሪያ የሂትሲንኩን (ሙቀት የሚያስወጣውን ባለ ክንፍ ብረት) አቧራና ሙቀት አስተላላፊውን ፔስት እዩ። እነሱ ደህና ከሆኑ ፔልቴሩን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት አንድ ፊቱ የሚቀዘቅዘውን፣ ሌላው የሚሞቀውን ጠፍጣፋ ሞጁል፣ አውጥታችሁ ለኩት። ሞዴሉ ቲኢሲ1-12706 ከሆነ፣ ጤነኛው በክፍል ሙቀት 2 ኦም አካባቢ ያሳያል። በእጃችሁ ካሞቃችሁት ግን ራሱ ቮልቴጅ ስለሚያመነጭ ቴስተሩ ይዋሻል፤ ሁለቱ ፊቶች እኩል እስኪሆኑ ጠብቁ፣ ከዚያ የቴስተሩን ገመዶች አገላብጣችሁ ድገሙና አማካዩን ውሰዱ።

4 ኦም አነበበ? ወይስ ጫን ስትሉት ቁጥሩ ይዘላል? የውስጥ መጋጠሚያ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ውስጡ 127 ጥንድ ቁርጥራጮች በተከታታይ ተያይዘዋል፣ አንዷ ከተላቀቀች ሁሉም ቀጥ ይላል።

ለምን ይሰነጠቃል? ቁርጥራጮቹን ቀልጦ የሚያያይዘው ሶልደር በአብዛኛው ቲን ነው፤ ቆርቆሮ የምንለው፣ የጣሪያውን ማለቴ አይደለም። ቁርጥራጮቹ ደግሞ ቢስመዝ ቴሉራይድ፣ የቢስመዝና የቴሉሪየም ውህድ፣ ናቸው። ቲን ቴሉሪየም ካገኘ አይምረውም፣ ከውስጡ እየሳበ ቲን ቴሉራይድ የሚባል ተሰባሪ ንብርብር ይሠራል፣ ሙቀቱ በጨመረና በቆየ ቁጥር ንብርብሩ ይወፍራል። መዳብም ሾልኮ ይገባና የቁርጥራጩን ባህሪ ያበላሻል። ለዚህ ነው በሶልደሩና በቁርጥራጩ መሃል ጥቂት ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ኒኬል የሚለበጠው። ኒኬልም ከቴሉሪየም ጋር ይዋሃዳል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው።

እኔ አንዴ ኒኬል የሌለውን ቁራጭ በቀጥታ ሶልደር አደረግኩት። አልያዝ ሲለኝ የሶልደር ካውያውን ደግፌ ቆየሁ። ያዘልኝ! በማግስቱ በጥፍሬ ስነካው ተላቀቀ፣ ሶልደሩ ላይ ግራጫ ፍርፋሪ ተጣብቆ ቀረ። የተሰበረው ቁራጩ ራሱ ነበር፣ እኔ ግን የፍላክስ (ሶልደሩ እንዲይዝ ገጽታውን የሚያጸዳው ቅባት) ችግር መስሎኝ ነበር።

መፍትሄው? የውስጥ መጋጠሚያው ከሄደ አትልፉ፣ ፔልቴሩን ለውጡት። የተነቀለው የውጭ ገመድ ብቻ ከሆነ በጥሩ ፍላክስ ቶሎ ነክታችሁ አንሱ፤ አንዳንዱ ሞጁል ውስጡ በ138 ዲግሪ የሚቀልጥ የቢስመዝና ቲን ሶልደር አለው፣ ካውያው ከቆየበት ጎረቤቱንም ያቀልጠዋል። ራሳችሁ የምትገጣጥሙ ከሆነ ቁራጩን አጽዱ፣ ኒኬል ልበጡ፣ ከዚያ ሶልደር። ምድጃ ላይ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ከሆነ ግን የ138ቱን እርሱት፤ የሞቃቱ ፊት ሙቀት ከሶልደሩ መቅለጫ በደንብ ዝቅ ማለት አለበት። ቴርሞስታቱም በየደቂቃው የሚያበራና የሚያጠፋ ከሆነ አስተካክሉት፣ አዲሱንም በዚያው ይሰነጥቀዋል።