ናሽናልስ ፓርክ ጨዋታ ሲኖር መኪና የት ይቁም?

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ናሽናልስ ፓርክ ቤዝቦል ባለበት ቀን ፓርኪንግ ማግኘት ያማርራል። ዙሪያውን ብዞር ብዞር ክፍት ቦታ የለም። የሰፈር ውስጥ መንገዶች የነዋሪ ፈቃድ ይጠይቃሉ። በስልኬ ጋራዥ ቀድሜ ያዝኩ። ቦታው ተገኘ፤ ግን ዋጋው ከትኬቱ በለጠ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ ለመውጣት ያለው ሰልፍ አይጣል ነው።

በመጨረሻ የሠራልኝ መኪናዋን ከከተማው ውጪ መተው ነው። የምመጣው ከአሌክሳንድሪያ ስለሆነ ሀንቲንግተን ሜትሮ ጣቢያ አቆማለሁ። በቢጫው መስመር ላንፋንት ፕላዛ ድረስ፣ ከዚያ ወደ ብራንች አቬኑ የሚሄደውን አረንጓዴ ባቡር። ሁለተኛው ፌርማታ ኔቪ ያርድ ነው። በሃፍ ስትሪት በኩል ውጡ፤ ስታዲየሙ ከፊታችሁ ይታያል።

ከሜሪላንድ ለምትመጡ ይበልጥ ይቀላል፦ ብራንች አቬኑ ወይም ግሪንቤልት አቁሙ፣ ባቡር መቀየር የለም። የመመለሻውን ሂሳብ ስማርትሪፕ በሚባለው የሜትሮ መክፈያ ካርዳችሁ ላይ ቀድማችሁ ሙሉ።