ብሉቱዝ ማይክሮኮንትሮለር ላይ ሲገጠም፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ብሉቱዙ እምቢ አለ» በሚባልበት ፕሮጀክት ላይ ሬዲዮው ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከሞጁሉ (ሬዲዮውን ከያዘው ትንሽ ሰሌዳ) ወደ ማይክሮኮንትሮለር ቦርዱ በሚሄዱት አራት ሽቦዎች ላይ ነው። መለየቱም ቀላል ነው። ሞጁሉን ከቦርዱ ይንቀሉ፣ ኃይል ብቻ ይስጡት፣ ቲኤክስ (መላኪያ) እና አርኤክስ (መቀበያ) ፒኖቹን በአንድ ሽቦ ያገናኙ። ከስልክ የላኩት ጽሑፍ ተመልሶ ከመጣ ሬዲዮው ጤነኛ ነው።

ስልኩን ሳያዩ ሞጁል መግዛት። ኤችሲ-05 እና ኤችሲ-06 ክላሲክ ብሉቱዝ ናቸው። ከአንድሮይድ ጋር ይግባባሉ፤ ከአይፎን ጋር ግን አይሆንም። ለአይፎን ቢኤልኢ (ኃይል ቆጣቢው የብሉቱዝ ዓይነት) ያለው ሞጁል፣ ለምሳሌ ኤችኤም-10፣ ያስፈልጋል። እሱንም ከስልኩ ሴቲንግ ለማጣመር አይድከሙ፤ የሚገናኙት በመተግበሪያ ውስጥ ነው። ኢኤስፒ32 (ሬዲዮ አብሮት የተሠራ ማይክሮኮንትሮለር) ሲገዙም ሞዴሉን ይዩ፦ የመጀመሪያው ሁለቱንም ይችላል፣ ሲ3 እና ኤስ3 ቢኤልኢ ብቻ አላቸው፣ ኤስ2 ጭራሽ ብሉቱዝ የለውም።

5 ቮልት ወደ አርኤክስ መላክ። ኤችሲ-05 ላይ «ከ3.6 እስከ 6 ቮልት» ተብሎ የተጻፈው ለኃይል መግቢያው እንጂ ለሲግናል ፒኖቹ አይደለም። አርኤክስ የሚፈልገው 3.3 ቮልት ነው። ከአርዱዊኖ ኡኖ (በ5 ቮልት የሚሠራ ማይክሮኮንትሮለር ቦርድ) ቲኤክስ እስከ ሞጁሉ አርኤክስ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር፣ ከዚያው አርኤክስ ወደ ግራውንድ (የጋራው ዜሮ መስመር) 2 ኪሎኦም ያስገቡ። ሁለቱን ሬዚስተሮች ካቀያየሩ የሚደርሰው 1.7 ቮልት ገደማ ስለሚሆን ሞጁሉ ምንም አይሰማም። በመልስ መንገዱ ሬዚስተር አያስፈልግም፤ ኡኖ 3.3 ቮልትን እንደ «1» ያነበዋል።

ቲኤክስን ከቲኤክስ ማገናኘት። የአንዱ ቲኤክስ ወደ ሌላው አርኤክስ ይሂድ። ግራውንዶቹም መገናኘት አለባቸው።

ፒን 0 እና 1ን መጠቀም። በኡኖ ላይ እነዚህ ፒኖች ከዩኤስቢው ጋር የጋራ ስለሆኑ ሞጁሉ እዚያ ከተሰካ ኮድ መጫን እምቢ ይላል። ሶፍትዌር ሲሪያልን (ሌሎች ፒኖችን ቲኤክስና አርኤክስ የሚያደርግ የአርዱዊኖ ላይብረሪ) በፒን 10 እና 11 ላይ ይጠቀሙ፤ ፍጥነቱን ግን 9600 ቢት በሰከንድ ላይ ይተዉት። በ115200 ፊደላቱ ይበላሻሉ።

ኤቲ ትእዛዝን (የሞጁሉን ቅንብር የሚቀይር ጽሑፍ) በተሳሳተ ፍጥነት መላክ። ብዙ ሰው ሞጁሉ ተቃጥሏል ብሎ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። ኤችሲ-05ን ቁልፉን ተጭነው ይዘው ኃይል ይስጡት፤ መብራቱ በየሁለት ሰከንዱ በዝግታ ሲበራና ሲጠፋ ኤቲ ትእዛዝ ወደሚቀበልበት ሁነታ ገብቷል ማለት ነው። አሁን ፍጥነቱ 38400 ነው፤ በኮዱም ውስጥ ይቀይሩት፣ በሲሪያል ሞኒተሩ (ትእዛዝ የሚጻፍበት የአርዱዊኖ መስኮት) የመስመር ማብቂያውንም «ኤንኤል እና ሲአር ሁለቱም» የሚለው ላይ ያድርጉት። ሲጨርሱ ኃይሉን አጥፍተው ያብሩ፤ በተለመደው ሥራ ወደ 9600 ይመለሳል። ኤችሲ-06 ቁልፍ መጫን አይፈልግም፤ ከስልክ ጋር ሳይገናኝ በ9600 ይመልሳል። የማጣመሪያ ኮዱ አብዛኛውን ጊዜ 1234 ወይም 0000 ነው።

መልእክት በአንዴ ሙሉውን ይደርሳል ብሎ ማሰብ። ፊደላቱ በተለያየ ጊዜ ይደርሳሉ። ከስልኩ እያንዳንዱን ትእዛዝ በአዲስ መስመር ምልክት ይዝጉ፤ ኮዱ ምልክቱ እስኪመጣ እያጠራቀመ ይጠብቅ። በቢኤልኢ ሲሆን አንድ ፓኬት በመደበኛ ቅንብሩ የሚይዘው 20 ባይት ብቻ ነው።

ከሞተር ጋር አንድ ኃይል መጋራት። ሞተሩ ሲነሳ ቮልቴጁ ይወርድና ግንኙነቱ ይቋረጣል። ለሞተሩ የራሱን ባትሪ ይስጡት፣ ግራውንዱን ያገናኙ፣ ከሞጁሉ አጠገብ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ያስቀምጡ።

ሳጥኑ ብረት ከሆነ ወይም በሞጁሉ ጫፍ ካለው ጠመዝማዛ አንቴና ሥር ባትሪ ከተቀመጠ ርቀቱ በጣም ያጥራል፤ ያ ጫፍ ነፃ ሆኖ ወደ ውጭ ይውጣ።