ስፒከር ከመቀየራችሁ በፊት ቮሊዩሙን እዩት

ስፒከራችሁ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) የጠፋ ዘፈኑም ሕይወት የሌለው ከመሰላችሁ ሌላ ለመግዛት አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ ቮሊዩሙን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ስሙት። ነገሩ ከጆሯችን ነው፤ ድምፅ ዝቅ ሲል ቤዙ ከሌላው ቀድሞ ነው የሚጠፋብን፣ ፍሌቸርና መንሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች ይሄን እንደ ፈረንጆቹ በ1933 ለክተው አሳይተዋል። እኔ ማታ ሰው ሲተኛ ዝቅ አድርጌ ስሰማ ቤዝ ጊታሩ ጭራሽ አይሰማኝም፣ ያኔ አምፕሊፋየሩ ላይ ላውድነስ የምትለዋን ቤዝ ከፍ የምታደርግ ቁልፍ እጫናለሁ፣ ቀን ከፍ ሳደርገው ግን አጠፋታለሁ ምክንያቱም ቤዙ በዝቶ የዘፋኙን ድምፅ ይውጠዋል። ደግሞ ሁለት ስፒከር ስታወዳድሩ የሁለቱን ድምፅ እኩል አድርጉት፣ ትንሽ ጮክ ያለው ሁሌ የተሻለ ይመስላል፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ብቻ ከ85 ዴሲቤል በላይ ለረጅም ሰዓት አትስሙ እባካችሁ፣ ስልካችሁ ላይ መለኪያ አፕ ጭናችሁ በግምት ማየት ትችላላችሁ።