በእንግሊዝኛ በተለያየ አጻጻፍ የሚመጡ የቲቤት የቦታ ስሞችን እንዴት መለየት ይቻላል?

ቻምዶ በምሥራቅ ቲቤት የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟ ግን በአንዱ የእንግሊዝኛ ካርታ በሲ እና በኤች ፊደላት፣ በሌላው በኪው ይጀምራል፤ በሦስተኛው ደግሞ «ቻንግዱ» ተብሎ ይነበባል። ይህን የማያውቅ አንባቢ ሦስት ከተሞች ያሉ ይመስለዋል፤ አልፎ ተርፎም ቻንግዱን የሲቹዋን ዋና ከተማ ከሆነችው ከቼንግዱ ጋር ሊያምታታ ይችላል፤ በእንግሊዝኛ የሚለያቸው አንድ ፊደል ብቻ ነውና።

መጀመሪያ ስሙ በየትኛው ሥርዓት እንደተጻፈ ይለዩ። የቻይና መንግሥት ለቦታ ስሞች የሚጠቀምበት የቲቤትኛ ፒንዪን የተባለው በላቲን ፊደል የመጻፍ ሥርዓት በኪው «ች»ን፣ በኤክስ «ሽ»ን ይወክላል። ስለዚህ የቲቤት ከተማ የሆነችው ሺጋትሴ በኤክስ ተጽፋ ቢያገኟት አይደናገሩ። ኪውን በ«ቀ» የመተካት ልማዳችንም እዚህ ያሳስታል፤ «ቃምዶ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው።

አጻጻፉ አፍ የማይደፍረው የተነባቢዎች ድርድር ከሆነ፣ አሜሪካዊው ምሁር ተረል ዋይሊ እ.ኤ.አ. በ1959 ያቀረበው ዘዴ መሆኑን ይጠርጥሩ። ይህ ዘዴ የቲቤትኛውን ሆሄ አንድ በአንድ ያስቀምጣል እንጂ የሚሰማውን ድምፅ አይጽፍም። ሺጋትሴን ቀረብ ብለን ብናያት፣ ስሟ በቲቤትኛ በነጥብ የተለያዩ ሦስት ክፍለ ቃላት አሉት፤ የመጀመሪያው በ«ግ» ጀምሮ በ«ስ» ያበቃል፣ የመጨረሻው በ«ር» ይጀምራል፤ እነዚህ ሦስት ሆሄያት ግን በላሳ አነጋገር አይሰሙም። ዋይሊ ሁሉንም ይጽፋቸዋል። ለንባብ ቢያስቸግርም እኔ ከሁሉ አብልጬ የምተማመነው በዚህ ዘዴ ነው፤ ወደ ቲቤትኛው ጽሑፍ በቀጥታ ይመልሰናልና።

ቀጥሎ ስሙ በቻይንኛ አነጋገር የተለወጠ የቲቤትኛ ድምፅ ነው ወይስ ጨርሶ ሌላ ስም ነው የሚለውን ያጣሩ። «አሊ» የንጋሪ የቻይንኛ አጠራር ነው። «ካንግዲንግ» ግን ከቲቤትኛው ዳርትሴዶ ጋር በድምፅ አይገናኝም፤ «ሻናን»ም ከሎካ ጋር እንደዚሁ። እዚህ ላይ ፊደል ማነጻጸር አይበቃም። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን የያዘ ካርታ ወይም የስም መዝገብ ይፈልጉ፤ የኬንትሮስና የኬክሮስ ቁጥሮቹንም ያመሳክሩ።

በአንድ ስም የሚጠሩ የአስተዳደር እርከኖችንም አይርሱ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሰፊው የሺጋትሴ ግዛት በከተማ ደረጃ ሲዋቀር፣ ቀድሞ ሺጋትሴ ከተማ ይባል የነበረው ክፍል ሳምድሩፕትሴ ወረዳ ሆኗል። ስለዚህ ጽሑፉ የተጻፈበትን ዓመት አይተው፣ የሚናገረው ስለ ከተማይቱ ይሁን ስለ ግዛቱ ይወስኑ፤ በራስዎ ጽሑፍም አንድ አጠራር መርጠው ሌሎቹን ስሙ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ ላይ ብቻ ያስቀምጡ።