ኳሱ አልፎ ሲሄድ ማን መሬት ላይ ቀረ? ለአዲስ የሲሃውክስ ደጋፊዎች

ሲያትል ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ። የአሜሪካ ፉትቦልን ያስተማሩኝ ተሳፋሪዎች ናቸው። እሁድ እሁድ ከሲታክ ኤርፖርት የጫንኩት ሰው ሁሉ ገና በሩን ሳይዘጋ «ስንት ለስንት ናቸው?» ይለኛል። እኔ የማውቀው ጊዮርጊስና ቡናን ነው። አንድ ሁለቴ «አላውቅም» አልኩ። ቲፑ ሲቀንስ ጊዜ ሬዲዮ መክፈት ጀመርኩ። እንዲህ ሆኜ ገባሁበት፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣሁም።

ይህን የምጽፈው የሲያትሉን ቡድን ሲሃውክስን መከተል አምሮት፣ ግን «ይሄ ጨዋታ የሰው ጭንቅላት ያበላሽ የለ እንዴ?» ብሎ ለሚያመነታ ሰው ነው። አዎ፣ ያበላሻል። እኔ ይህንን እያወቅኩ ነው የማየው። እንዴት እንደማየው ልንገራችሁ።

ሕጉ አያስፈራችሁ። ሜዳው 100 ያርድ ነው፤ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል። በእያንዳንዱ ወገን 11 ሰው ይሰለፋል። ኳስ የያዘው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለው። ከገፋ አራቱ እንደገና ይጀምራል፤ ካልገፋ ኳሱን ያስረክባል። ጫፍ ድረስ ይዞ ከገባ ተችዳውን ይባላል፣ 6 ነጥብ ነው። ከዚያ በኋላ በእግር መትቶ በቋሚዎቹ መሀል ካሳለፈ 1 ይጨመርለታል። ጫፍ ሳይደርስ ከሩቅ መትቶ ካሳለፈ 3 ነው። ሌላውን እያያችሁ ትለምዱታላችሁ። ቅጣቶቹ እኔም እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልገቡኝም፣ ከኔ ጋር የሚያዩት ነጮችም የገቧቸው አይመስለኝም።

ሊጉ፣ ኤንኤፍኤል የሚሉት፣ 32 ቡድን አለው። እያንዳንዱ ቡድን በመደበኛው ውድድር የሚጫወተው 17 ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ እሁድ ከባድ ነው። ሲሃውክስ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ጨዋታው በሲያትል ሰዓት ብዙ ጊዜ ጠዋት 10 ሰዓት (በሀበሻ አቆጣጠር 4 ሰዓት) ላይ ይጀምራል፣ ያው ቅዳሴ ላይ ማለት ነው። ቅዱትና ማታ እዩት። ስልክ በነጠላ ሸፍኖ ውጤት መከታተል ነውር ነው። ማን እንደሚያደርገው አውቃለሁ፣ ስም አልጠራም።

ስታዲየም መሄድ ካማራችሁ መኪና ይዛችሁ አትሂዱ። እኔ ባለታክሲው ራሴ ከኦቴሎ ጣቢያ ባቡር እይዝና ስታዲየም የሚባለው ጣቢያ እወርዳለሁ። የጆሮ መድፈኛ ያዙ፣ በተለይ ለልጆች። ጥር 2011 ላይ የሲሃውክሱ ማርሾን ሊንች ኳስ ይዞ 67 ያርድ ሮጦ ሲያስቆጥር ሕዝቡ የፈጠረው ንዝረት በመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መሣሪያ ላይ ታይቷል። ያን ሩጫ ፈልጋችሁ እዩት። ስንቱ ሊይዘው ሞክሮ እየተንሸራተተ እንደቀረ ስታዩ ጨዋታው ለምን እንደሚወደድ ይገባችኋል።

አሁን ስለ ጭንቅላቱ። የመጀመሪያው ሥራ ዓይንን ማሠልጠን ነው። ካሜራው ሁልጊዜ ኳሱን ይከተላል፣ እናንተ ግን አትከተሉት። ፊሽካ ሲነፋ በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩና የወደቁት ሁሉ መነሳታቸውን እዩ። አንድ ሰው ካልተነሳ የማልያ ቁጥሩን ያዙ። ከተነሳ ደግሞ እግሩን እዩ። ጠጅ ቤት ያመሸ ሰው ይመስላል? ጭንቅላቱን ያራግፋል? ጓደኛው ትከሻ ላይ ተደግፎ ይቆማል? እጁ አየር ላይ እንደ እንጨት ደርቆ ከቀረ ደግሞ ሌላ ምልክት አትፈልጉ፣ አንጎሉ ተመትቷል።

የማያሚው ኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውረው መሪ ተጫዋች) ቱዋ ታጎቫይሎዋ መስከረም 2022 ላይ ከቡፋሎ ጋር ሲጫወት ወደቀ፣ ተነሳ፣ ጭንቅላቱን አራገፈ፣ ተንገዳገደ። ሚሊዮን ሰው አየው። ያን ቀን ግን ተመልሶ ተጫወተ። በአራተኛው ቀን ሲንሲናቲ ላይ እንደገና ጣሉት። ጣቶቹ ፊቱ ላይ ተጣመው ደርቀው ቀሩ፣ በቃሬዛ ወጣ። ሊጉ ከዚያ በኋላ ነው ደንቡን ያጠበቀው፤ እንዲያ ሚዛኑን የሳተ ተጫዋች ያን ቀን ወደ ሜዳ እንዳይመለስ ከለከለ።

ሁለተኛው ሥራ ድንኳኑን መጠበቅ ነው። ሜዳው ዳር ተጣጥፎ የሚቀመጥ ሰማያዊ ድንኳን አለ። ጭንቅላቱ ተመትቷል ተብሎ የተጠረጠረ ተጫዋች እዚያ ገብቶ ይመረመራል። ከቡድኑ ሐኪም በተጨማሪ የቡድኑ ተቀጣሪ ያልሆነ የአንጎል ጉዳት ባለሙያ ይኖራል። ከላይ ደግሞ በቪዲዮ እያዩ «ያን ልጅ አውጡት» የሚሉ ተመልካቾች አሉ። ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። እናንተ ግን ሰዓታችሁን እዩ።

ለምን እንደምል ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የኛው ቡድን ነው። ኅዳር 2017፣ ሐሙስ ማታ፣ አሪዞና። ያኔ የኛ ኳርተርባክ የነበረው ራስል ዊልሰን አገጩን ተመታ። ዳኛው ራሱ ከሜዳ አስወጣው። ድንኳኑ ውስጥ ገባ ከማለቱ ብቅ አለ። ያመለጠው አንድ ሙከራ ብቻ ነው። እኔ ያኔ ሳሎን ቆሜ አጨበጨብኩ። «ጀግና!» አልኩ። ሊጉ በኋላ ደንቡን አልጠበቃችሁም ብሎ ሲሃውክስን 100,000 ዶላር ቀጣ። እኔን የሚቀጣኝ አልነበረም እንጂ ያጨበጨብኩት ለዚያው ጥፋት ነው። ተከላካያችን ካም ቻንስለርም አንገቱን የተጎዳው በዚሁ ጨዋታ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ተጫውቶ አያውቅም።

ሌላ ልጨምር። የካቲት 2015 የተደረገውን ሱፐር ቦውል፣ የሊጉን የዋንጫ ጨዋታ፣ ለማንኛውም የሲያትል ሰው አንሱበት። ከግቡ አንድ ያርድ ላይ ኳሱን ለሊንች መስጠት ሲገባ ወርውረውት እንደተነጠቁ እያለቀሰ ይነግራችኋል። የኛው ተከላካይ ክሊፍ አቭሪል በዚያው ጨዋታ ጭንቅላቱን ተመቶ እንደወጣ ግን ጠይቁት። እኔ አስር ሰው ጠይቄ አንድ ነው ያስታወሰው።

«ሄልሜት አድርገው የለ?» ትሉ ይሆናል። እኔም እል ነበር። እንደ ሹፌር ልንገራችሁ። ድንገት ፍሬን ስይዝ ታክሲው ይቆማል። ትራንክ ውስጥ ያለው ሻንጣ ግን ሄዶ ይላተማል። ሄልሜት ታክሲውን ነው የሚጠብቀው። የራስ ቅል እንዳይሰነጠቅ ያደርጋል፣ አንጎል ውስጥ ለውስጥ እንዳይናወጥ ግን አያስቆምም።

ደግሞ ችግሩ ትልልቁ ግጭት ብቻ አይደለም። ፒትስበርግ ላይ ማይክ ዌብስተር የሚባል ዝነኛ ተጫዋች በ2002 ሞተ። አስከሬኑን የመረመረው ቤኔት ኦማሉ የሚባል ናይጄሪያ ተወልዶ ያደገ ሐኪም ነው። አንጎሉ ከውጭ ሲታይ ደህና ይመስል ነበር። ኦማሉ ግን በዚያ አላበቃም፤ ቆራርጦ በማይክሮስኮፕ አየው። ሲቲኢ የሚባለውን የአንጎል በሽታ በፉትቦል ተጫዋች ላይ ያገኘው ያኔ ነው። በ2005 ሲያሳትመው የሊጉ ሐኪሞች ጽሑፉ እንዲሰረዝ ጠየቁ። ዌብስተር ሴንተር ነበር። ሴንተር ማለት መሀል ላይ ኳሱን አቀብሎ ወዲያው ፊት ለፊቱ ካለው ግዙፍ ሰው ጋር የሚጋጨው ነው፤ በእያንዳንዱ ሙከራ፣ ለዓመታት። ካሜራው አያሳየውም። ራሱን ስቶ አይወድቅም። ስለዚህ መሀል ያሉትን ወፋፍራም ልጆች እዩልኝ፤ የማይጨበጨብላቸው እነሱ ናቸው።

ቁጥር ሲነግሯችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። ቦስተን ዩኒቨርሲቲ በ2017 የ111 የቀድሞ የሊጉ ተጫዋቾችን አንጎል መርምሮ በ110ሩ ላይ ሲቲኢ አግኝቷል። ይህ ማለት የተጫወተ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። አንጎሉን ለምርመራ የሰጡት በአብዛኛው አንድ ነገር የጠረጠሩ ቤተሰቦች ናቸው። በሽታው በእርግጠኝነት የሚታወቀውም ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። ቢሆንም 110 ትንሽ ቁጥር አይደለም።

በሳምንቱ መሀል የጉዳት ዝርዝሩን አንብቡ። ለእሁድ ጨዋታ ቡድኖች ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ያወጡታል። ከስሙ አጠገብ «ጉልበት» ወይም «ቁርጭምጭሚት» ይላል። «ኮንከሽን»፣ ማለትም የአንጎል መናወጥ፣ ካለ እሁድ የያዛችሁትን ቁጥር አስታውሱ። ያ የተንገዳገደው ልጅ ዝርዝሩ ውስጥ አለ? ከሌለ ለምን? እኔ ይህን ከጀመርኩ ወዲህ ጨዋታውን ከድሮው የበለጠ አውቀዋለሁ።

አሁን ወደ ቤቴ ልግባ። ልጄ 15 ዓመቱ ላይ ለትምህርት ቤቱ ልጫወት አለ። ሁለት ገጽ ወረቀት አመጣ። ጠዋት ነው፣ ኤርፖርት ተራ ሊያልፈኝ ነው። መሪው ላይ አስደግፌ ሳላነብ ፈረምኩ።

መስከረም ላይ አንድ ማክሰኞ ማታ ከልምምድ ተመለሰ። እራት ቀርቧል። «አባዬ፣ ነገ ማነው የሚወስደኝ?» አለኝ። «እኔ ነኝ» አልኩት። ትንሽ ቆይቶ «አባዬ፣ ነገ ማነው የሚወስደኝ?» አለ። ሲቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ጉርሻውን አፉ ውስጥ ይዞ አያላምጥም። የኩሽናው መብራት ላይ እጁን ጋረደ። ሦስተኛ ሲጠይቀኝ እናቱ ሹካውን አስቀመጠችና አየችኝ። ድንገተኛ ክፍል ወሰድነው።

ለካ ልምምድ ላይ ከጓደኛው ጋር ተላትሞ ነበር። አሰልጣኙ ውሃ ጠጣ ብሎት ቀጠለ። ልጄም ቦታዬን ይወስዱብኛል ብሎ ዝም አለ። እዚህ ጋ አሰልጣኙ ላይ ብዙ ማለት እችል ነበር፣ ግን ያ ወረቀት አለ።

ያን ወረቀት በኋላ አነበብኩት። ከሲያትል ብዙም በማትርቀው ሜፕል ቫሊ ዛካሪ ላይስቴት የሚባል የ13 ዓመት ልጅ በ2006 ጭንቅላቱን ተመትቶ ወደ ጨዋታ ተመለሰ። ጨዋታው ሲያልቅ ሜዳው ላይ ወደቀ። ተርፏል፣ ግን መናገርና መራመድ እንደገና መማር ነበረበት። በ2009 የዋሽንግተን ስቴት በስሙ ሕግ አወጣ። የተጠረጠረ ልጅ ወዲያው ይወጣል። በዚህ ጉዳት የሠለጠነ የጤና ባለሙያ በጽሑፍ ካልፈቀደ አይመለስም። ወላጅና ልጅ በየዓመቱ መረጃውን አንብበው ይፈርማሉ። ከዚያ ሌሎቹም ስቴቶች ተከተሉ። እኔ የፈረምኩት እሱን ነው። የምልክቶቹ ዝርዝር ውስጥ «አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቃል» የሚል መስመር አለ።

ስለዚህ አንብቡት። ከልጁ ጋር ሆናችሁ፣ በአማርኛ እየተረጎማችሁ አንብቡት። ልጁ «ጓደኛዬ ተመትቶ ካየሁ እናገራለሁ» ብሎ ቃል ይግባላችሁ። ስለራሱ ቃል ቢገባ አትመኑት፣ ይደብቃል። ተመትቶ ከመጣ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም አልነቃ ካለ 911 ደውሉ፣ መኪና ይዛችሁ አትሯሯጡ። እናቴ ስልክ ላይ «እንዳይተኛ! እንዳይተኛ!» እያለች ነበር። የመረመረችው ሐኪም ግን ካየችው በኋላ መተኛቱን አልከለከለችም፤ እየሄዳችሁ እዩት ነው ያለችን። እናቴን ለማሳመን ሁለት የስልክ ካርድ ጨርሻለሁ።

መመለሻውም ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ትምህርቱ፣ ከዚያ እርምጃ፣ ከዚያ ሩጫ፣ ከዚያ ግጭት የሌለው ልምምድ። ራስ ምታቱ ከተመለሰ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ። ልጄ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። በዓመቱ ታክል ትቶ ፍላግ ፉትቦል ገባ፤ ወገብ ላይ የታሰረ ጨርቅ መንጠቅ እንጂ ሰው መጣል የለም። በ2028 ሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ላይ ይኖራል። ይህን ስነግረው «አባዬ፣ እኔ አልሄድ» አለኝ። እኔ መቼ ትሄዳለህ አልኩት?

ባለቤቴ «ታዲያ አንተ ለምን ታየዋለህ?» ትለኛለች። እወደዋለሁ፣ ሌላ መልስ የለኝም። ያለፈው እሁድ ልጄ ከጎኔ ነበር። የሲሃውክስ ተጫዋች ኳስ ነጥቆ ሮጠ፣ ሳሎኑ ተናወጠ፣ እኔም ዘልዬ ተነሳሁ። ልጄ ግን እጄን ይዞ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠርዝ ጠቆመኝ። ተቃራኒው ቡድን ውስጥ አንዱ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሄልሜቱን በሁለት እጁ ይዟል። ካሜራው ዞረ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፍነው፣ ፍሪጁ ላይ ለጥፈነዋል። ረቡዕ እናያለን።