ነዳጅ ሲቀየር የሚመጣ ጣጣ፦ ችግርና መፍትሄ ለመርከብ መካኒኮች

አዳማ ቁጭ ብዬ ስልኬ ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ከባሕር ነው። የሚደውሉት ቢሾፍቱ ባቦጋያ ካለው የባሕር ማሠልጠኛ ተመርቀው መርከብ ላይ የገቡ ልጆች ናቸው። «ጋሼ፣ ነዳጅ ቀየርንና ሞተሩ አስቸገረን» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ከምደግመው እዚህ ልጻፈው። ታንክ መለካት፣ ውሃ ማፍሰስ፣ ቫልቭ ማየት ታውቃላችሁ፤ እሱን አልፌዋለሁ።

ለአዲስ ገቢዎች አንድ ነገር ብቻ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ በመርከብ ነዳጅ ውስጥ የሚፈቀደው ድኝ ከ3.5 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ ወርዷል። ጭስ ማጠቢያ የተገጠመላቸው ብቻ የድሮውን ማቃጠል ይችላሉ። ባልቲክና ሰሜን ባሕር ላይ ልኩ 0.1 በመቶ ነው። ሜዲትራኒያንም ከሜይ 1 ቀን 2025 ወዲህ እዚያ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ስዊዝን ተሻግራችሁ የምትወጡ ብዙዎቻችሁ ነዳጅ ትቀይራላችሁ ማለት ነው።

ምልክት፦ ፊልትሮ ቶሎ ቶሎ ይደፈናል

ደጋግሞ የሚመጣው ይሄኛው ነው። በፊልትሮው መግቢያና መውጫ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ይጨምራል። ራሱን የሚያጥበው ፊልትሮ ያለ ዕረፍት ያጥባል። ፒዩሪፋየሩ (ነዳጁን አሽከርክሮ የሚያጠራው መሣሪያ) የሚተፋው አተላ ይበዛል፤ የአተላው ታንክ ሳይታሰብ ይሞላል። ፊልትሮውን ስትከፍቱ ወንፊቱ ላይ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ በጨርቅ ስትጠርጉት የሚሳሳብ ነገር ታገኛላችሁ።

ምክንያቱ ድብልቅ ነው። ከባድ ነዳጅ ውስጥ አስፋልቲን የሚባል ከባድ ክፍል አለ። ተንሳፎ የሚቆየው በዙሪያው ያለው ዘይት ስለሚይዘው ነው። ሌላ ዓይነት ነዳጅ ሲጨመርበት የያዘው ይለቀውና ይወርዳል፤ አተላ ይሆናል። የ0.5 በመቶው ነዳጅ ደግሞ በየወደቡ በተለያየ ቅመማ የሚሠራ ነው። ከሁለት ወደብ የተቀበላችኋቸው ነዳጆች ለየብቻቸው ደህና ናቸው። የመቀበያ ወረቀታቸውም አንድ ነው። አንድ ታንክ ውስጥ ሲገናኙ ግን አይስማሙም።

አንድ ልጅ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሆኖ ደወለልኝ። ቺፉ (ዋናው መሐንዲስ) «ወረቀቱ ላይ አንድ ዓይነት ነው» ብሎ አዲሱን በአሮጌው ላይ አስገልብጦታል። ፊልትሮው መደፈን ሲጀምር ሙቀት ጨመሩ። የወረደ አስፋልቲን በሙቀት አይመለስም። ብሎ ብሎ አንዱ ባይፓሱን፣ ነዳጁ ፊልትሮውን ዘሎ የሚያልፍበትን መስመር፣ ከፈተው። አተላው ወደ ነዳጅ ፖምፓዎቹ ገባ፤ ፕለንጀሮች (ፖምፓው ውስጥ ነዳጁን የሚገፉት ዘንጎች) ነከሱ፣ ማለትም ቤታቸው ውስጥ ተጣብቀው ቀሩ፤ ጄኔሬተሩ ጠፋ፤ መርከቡ በጨለማ ተንሳፈፈ። ይሄ ሁሉ የመጣው ታንክ ባዶ ማድረግ ስለተሰለቸ ነው! የጅቡቲ መስመር ሾፌር ፊልትሮ ቢደፈንበት አዋሽ ላይ ዳር ይዞ ይቀይራል። መርከብ ዳር አይዝም።

ሲደርስባችሁ መጀመሪያ ለብሪጅ (መርከቡን ለሚነዱት) ንገሩ፤ ጭነት ቀንሱ። ባይፓስ አትክፈቱ። ጄኔሬተሮቹን ለብቻው ካለ ንጹሕ የናፍታ ታንክ አብሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ የመመለሻ መስመሩ ወደ ከባዱ ነዳጅ ታንክ እንደተከፈተ ከቀረ ናፍታው ሄዶ እዚያ ይደባለቃል፤ አተላውም ይብሳል። መመለሻውን አስቀድማችሁ አዙሩ። የፒዩሪፋየሩን ፍሰት ቀንሱ። የተበላሸውን ታንክ ለዩት፤ ናሙናውን ላብራቶሪ ላኩ፤ ሌላ ነዳጅ እንዳትጨምሩበት። በጠርሙስ የሚሸጥ «ማሟሚያ» ቀድሞ ከገባ ትንሽ ሊረዳ ይችላል፤ አንዴ የወረደውን ግን አያነሳም። ርካሽ ፊልትሮም አትግዙ። እዚሁ አዳማ «ኦርጅናል ነው» ተብሎ የሚሸጥ፣ በእጅ ስትጫኑት ሙጫው የሚለቅ ወንፊት አይቻለሁ። እንዲህ ያለው ባሕር ላይ ሲቀደድ ፖምፓ ይዞ ነው የሚሄደው።

መከላከያው ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ከአሮጌውና ከአዲሱ ነዳጅ በታንክ ውስጥ በሚገናኙበት መጠን ቀላቅሉ። አሙቁ፤ በደንብ አማስሉ። አንድ ጠብታ በመሞከሪያው ወረቀት ላይ አድርጉና ሙቅ ቦታ ይድረቅ። ነጠብጣቡ ከመሃል እስከ ዳር አንድ ወጥ ከሆነ ጥሩ ነው። መሃሉ ላይ ጠቆር ያለ ክብ ከታየ ይለያያሉ ማለት ነው። ከ1 እስከ 5 ባለው ደረጃ 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አትደባልቁ። ቺፉ ቢቆጣም ጠብታው ያለበትን ወረቀት አሳዩት። ከሁሉ የሚሻለው ግን አዲሱን ባዶ ታንክ ውስጥ መቀበል ነው።

ምልክት፦ ወደ ናፍታ ሲቀየር ፖምፓ ይነክሳል፣ ወይም ሞተሩ አልነሳም ይላል

ከባዱ ነዳጅ ሞተር የሚደርሰው ከ120 እስከ 140 ዲግሪ ሞቆ ነው። ናፍታ ደግሞ መሞቅ የለበትም። ተቻኩላችሁ ከቀየራችሁ ፕለንጀሩና ቤቱ እኩል አይኮማተሩም፤ ይነክሳሉ። በደቂቃ ከ2 ዲግሪ በላይ አትለውጡ። የቧንቧ ማሞቂያውን እንፋሎት ዝጉ። የነዳጁ ውፍረት ሞተር መግቢያ ላይ ከ2 ሴንቲስቶክስ በታች እንዳይወርድ።

አልነሳም ካለ ያረጀ ፖምፓ ቀጭኑን ነዳጅ በውስጥ እያሾለከው ይሆናል። ወደብ ከመቅረባችሁ በፊት፣ ገና ሰፊ ውሃ ላይ ሳላችሁ፣ በናፍታ አስነስታችሁ ወደፊትም ወደኋላም ሞክሩት። ቦታው ጠብቦ መልሕቅ ሊጣል ሲል መሞከር ሰው መግደል ነው።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ብርድ አገር ላይ ወንፊቱ ነጣ ባለ ሰም ከተሸፈነ ታንኩ ቀዝቅዟል፤ ለስለስ አድርጋችሁ አሙቁ። ፒስተን አናት ላይ ነጭ ክምችት ካያችሁ ለድሮው ድኝ የተሠራውን ባለ 70 ወይም ባለ 100 የሲሊንደር ዘይት (ቁጥሩ አሲድ የማርከስ አቅሙ ነው) እየሰጣችሁት ነው፤ ወደ 40ው ውረዱ። ካሚቻ (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቤት) እና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ያለጊዜያቸው ከተበሉ በነዳጁ ውስጥ ያለውን አሉሚኒየምና ሲሊከን አስመርምሩ፤ ስትቀበሉ ከ60 ሚሊግራም በኪሎ ማለፍ የለበትም።

ሜታኖል ላይ ለምትመደቡ፦ እሳቱ በቀን ብርሃን በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል፤ ጢሱን እናያለን ብላችሁ አትጠብቁ።

ስትደውሉ የፊልትሮውን ፎቶ ብቻ አትላኩ። የነዳጅ መቀበያ ወረቀቱንና የደረቀውን ጠብታም ጨምሩ።