ደብረ ብርሃን ያለች መኪናችሁን ከውጭ ሆናችሁ ስትሸጡ ገንዘቡ የት ይግባ?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ መኪና ያላችሁ ዳያስፖራዎች ብዙ ናችሁ። ደብረ ብርሃን ወንድም ጋር የቆመች ቪትዝ፣ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት የምትጭን አይሱዙ፣ መሐል ሜዳ የምትመላለስ ዶልፊን። ዓመት ከዓመት «ለጊዜው ትቆይ» ሲባል ይከርምና አንድ ቀን መሸጧ ይመጣል። ዋጋዋም ቀላል አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ታገደ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ያገለገለች መኪና ለብዙ ቤተሰብ በአንድ ቀን እጅ የሚገባ ትልቁ ገንዘብ ሆናለች።

ስለ ዋጋ ሁሉም ያማክራችኋል። ስለ አከፋፈሉ የሚያማክራችሁ ግን ጥቂት ነው፤ እኔ የምጽፈው ስለ እሱ ነው። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ፈራሚው ወንድማችሁ ይሁን፣ ገንዘቡ ግን በእናንተ ስም በተከፈተ ሂሳብ ይግባ። ይህን የምለው ወንድማችሁን አትመኑት ለማለት አይደለም። እንዲያውም ለእሱ ብዬ ነው። ከተማው ትንሽ ነው፤ መኪናው መሸጡ በማግስቱ ይሰማል። ዛሬ በአካባቢያችን ብዙ ብር እጁ እንደገባ የታወቀ ሰው እንቅልፍ የለውም። ገንዘቡ ባንክ፣ በሌላ ሰው ስም እንዳለ ሲታወቅ ግን ዓይን አይበዛበትም። ዘመድ «አበድረኝ» ቢለውም «እጄ ላይ የለም» ሲል እውነቱን ነው። ይሉኝታ ከሚያስይዘው ነገር ሁሉ ታድኑታላችሁ።

ውክልናው

«ጠቅላላ ውክልና አለው» ብላችሁ አትተኙ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ነው። የቤተሰብ መኪና መሸጥ ከዚያ ስለሚያልፍ በግልጽ መጻፍ አለበት። የሰሌዳ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ላይ እየታየ ይጻፍ። እንዲሸጥ፣ የሽያጭ ውል እንዲፈርም፣ ስም እንዲያዛውር የሚለውም ይስፈር። ከዚያ አንዲት ዓረፍተ ነገር አስጨምሩ፦ «የሽያጩ ዋጋ በስሜ በተከፈተው የባንክ ሂሳብ ብቻ ገቢ ይደረጋል»፣ ከነሂሳብ ቁጥሩ። ገዢው ውክልናውን ማየቱ አይቀርም። ሌላ ቦታ ቢከፍል በራሱ ኃላፊነት መሆኑን ከመጀመሪያው ይረዳል። ወንድማችሁም «ለእኔ ስጠኝ» ለሚል ደላላ ወረቀቱን ማሳየት ይበቃዋል።

ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ያዘጋጃችሁት ውክልና አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይመዘገባል። ጊዜ ስለሚወስድ ገዢ ሳይገኝ ጨርሱት። ገዢ በር ላይ ቆሞ እያለ ለወረቀት ሲሯሯጥ ነው ሰው «ግድ የለም፣ በእሱ ሂሳብ ይግባ» የሚለው። ባለትዳር ከሆናችሁ የትዳር ጓደኛችሁ ስምምነት ይጠየቃል፤ ያላገባችሁም ያላገባ ማስረጃ አዘጋጁ። መኪናዋ ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች ቀረጧ ሳይከፈል ስም አይዛወርምና፣ ይህ ከዋጋ ንግግር በፊት ይለይ።

ሂሳቡ የብር ሂሳብ ይሁን። የውጭ ምንዛሪ ሂሳባችሁ ከመኪና ሽያጭ የመጣ ብር አይቀበልም። ዕድሜ የጠገበ ሂሳብ ካላችሁ መንቀሳቀሱን ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ባንኮች አሁን የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ስለሚጠይቁ «ነበረኝ» የሚባለው ሂሳብ ታግዶ ሊገኝ ይችላል። ስማችሁንም አስተያዩ። ሊብሬው ላይ በአባትና በአያት ስም የተጻፈ ሰው፣ የውጭ ፓስፖርቱ ላይ አያቱ ወጥቶ ወይም አንድ ፊደል ተቀይሮ ይገኛል። ያቺ ፊደል የክፍያው ቀን ባንክ መስኮት ላይ ታስቆማችኋለች።

ቀብድ ከመቀበላችሁ በፊት

ቀብድ እንደ ቀልድ የሚወሰድ ገንዘብ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል። ወንድማችሁ «ይያዝልን» ብሎ ቀብድ ተቀብሎ በማግስቱ የተሻለ ዋጋ ቢመጣ፣ እጥፉን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ቀብዱ ትንሽ ይሁን፣ በጽሑፍ ይሁን፣ ቀሪው የሚከፈልበት ቀን ይለይ። እሱም በእናንተው ሂሳብ ይግባ።

መኪናዋን መሞከር የገዢው መብት ነው። በደብረ ብርሃን የማለዳ ብርድ ሞተሩ እንዴት እንደሚነሳ ማየት ይፈልጋል፣ ያሳዩት። «እስከ ጣርማ በር ልንዳት» ካለ ወንድማችሁ አብሮ ይቀመጥ። ኦሪጅናል ሊብሬው ግን ቤት ይቅር።

የክፍያው ቀን

ገዢ ሳይፈረምለት መክፈል ይፈራል። ሻጭ ሳይከፈለው መፈረም ይፈራል። ሁለቱም ልክ ናቸው። መፍትሔው ሁለቱን በተቻለ መጠን ማቀራረብ ነው። ውሉ ተዘጋጅቶ፣ ሊብሬውና መታወቂያው ታይቶ፣ የትራፊክ ቅጣት አለመኖሩ ተጣርቶ፣ ፊርማ ብቻ ሲቀር ገንዘቡ ይተላለፍ። «ሙሉ ዋጋውን ተቀብያለሁ» የሚለው መስመር ላይ የሚፈረመው ገንዘቡ ሂሳባችሁ ላይ ከታየ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በምንም ምክንያት አይፈረም።

ቀኑ የሥራ ቀን ይሁን። ሰዓቱንም እናንተ በምትነቁበት አድርጉት። ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ሌሊት ነው። ደብረ ብርሃን ከቀኑ 9 ሰዓት ብትሉ ግን ዋሽንግተን ነግቷል፣ ደብረ ብርሃንም ባንኩ ገና አልዘጋም። ገዢውና ወንድማችሁ ሂሳባችሁ ያለበት ባንክ ቅርንጫፍ ይገናኙ። ገዢው እዚያው ባንክ ሂሳብ ካለው ዝውውሩ ወዲያው ይታያል። ከሌላ ባንክ የሚመጣ ትልቅ ገንዘብ ሊዘገይ ስለሚችል፣ ያን ቀን ፊርማውም አብሮ ይዘግይ። እናንተ አፑን ከፍታችሁ ሂሳባችሁን በራሳችሁ ዓይን እዩ። ከዚያ ደውላችሁ «ገብቷል፣ ፈርም» በሉት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን ታስታውሳላችሁ። ኔትወርክ ከሌለ ወንድማችሁ የገቢ ወረቀቱን በእጁ ይዞ፣ የባንኩ ሠራተኛ ገቢ መሆኑን ከሲስተም አይቶ ይንገረው። እሱም ካልተቻለ ቀኑ ይለወጥ። መንገድ የተዘጋ ቀን፣ ከተማው ያልተረጋጋ ቀን መኪና አይሸጥም።

ጥሬ ብር የሚያመጣ ገዢም አለ። የሸዋ ሮቢት የሽንኩርትና የማሾ ነጋዴ፣ የመንዝ በግ ነጋዴ በጥሬ ብር መገበያየት የለመደ ነው፤ በክፋት አይደለም። ብሩን ቤት ውስጥ ወይም ሆቴል ውስጥ እንዳትቆጥሩት። ገዢው ራሱ ባንክ ይዞት ይምጣ፣ መስኮት ላይ በማሽን ይቆጠር፣ ሐሰተኛ ኖት ካለ እዚያው ይለይ፣ በእናንተ ሂሳብ ገቢ ይሁን። ወንድማችሁ ደረሰኙን ብቻ ይያዝ።

«ገቢ ሆኗል» የሚለው መልእክት

ይህ ብዙ ሰው እያስለቀሰ ነው። የአንድ ወዳጄ የአጎት ልጅ ደብረ ብርሃን ላይ ኮሮላ ሲሸጥ ገዢው እሁድ ከሰዓት መጣ። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ቸኩሏል፣ ማታውኑ ደሴ መግባት አለበት። ስልኩን ነካ ነካ አደረገና «ላክሁ» አለ። ወዲያው በልጁ ስልክ መልእክት ገባ። የባንኩ ስም፣ የብሩ መጠን፣ ቀሪ ሂሳቡ ሳይቀር ተጽፏል። ልጁ ቁልፉን ሊሰጥ እጁን ዘርግቶ ነበር። ግን አንድ ነገር ከነከነው። ሂሳቡ የወዳጄ ነው። የባንኩ መልእክት የሚገባውም ውጭ አገር ባለው በወዳጄ ስልክ ነው። ታዲያ የልጁን ቁጥር ባንኩ ከየት አመጣው? ላኪውን ሲነካው ተራ የሞባይል ቁጥር ወጣ። «ነገ ጠዋት ባንክ እንገናኝ» አለው። ሰውየው ሰኞ አልመጣም።

ስክሪንሹትም ከዚህ አይሻልም። የዝውውር ደረሰኝ የሚመስል ሥዕል መሥራት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ቴሌብር ቢሆንም፣ የባንክ አፕ ቢሆንም፣ ማስረጃው አንድ ነው፦ የራሳችሁ ሂሳብ ላይ የሚታየው ቀሪ።

ቼክ ከሆነ አትቀበሉ። ደረቅ ቼክ (በቂ ገንዘብ የሌለበት) መጻፍ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስቀጣል፣ እውነት ነው። ግን ሰውየው መቀጣቱ መኪናችሁን አይመልስም፤ እናንተም ከሲያትል ሆናችሁ ፍርድ ቤት ልትመላለሱ አትችሉም። ሲፒኦ (ባንኩ ራሱ የሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ) የተሻለ ነው፣ ባንኩ ገንዘቡን አስቀድሞ ይዞታልና። ወንድማችሁ ወደ ገዢው ባንክ አብሮ ሄዶ ሲፒኦው በእናንተ ሙሉ ስም ሲሠራ ቆሞ ይይ። ተዘጋጅቶ የመጣ ሲፒኦ ከሆነ የሰጠው ቅርንጫፍ ድረስ ሄዶ ያጣራ። ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ መደወል ማጣራት አይደለም፤ ያንን ቁጥር የጻፈው አጭበርባሪው ራሱ ሊሆን ይችላል።

ስለ ዶላሩ

«እዚያው አሜሪካ ዘመዴ በዶላር ይክፈልህ» የሚል ገዢ በእርግጠኝነት ይመጣል። ያጓጓል፣ ይገባኛል። ግን በአገራችን ሕግ የተከለከለ ምንዛሪ ነው። ሂሳባችሁ ላይ የሚገባው ዶላር ደግሞ ከማን ኪስ እንደወጣ አታውቁም። ከተሰረቀ ሂሳብ የመጣ ሆኖ ባንኩ ቢመልሰው፣ መኪናችሁ በዚያን ጊዜ የሰው ሆናለች። ከዚህም በላይ ውሉ ላይ ክፍያው የት እንደተፈጸመ የሚጻፍ እውነት አይኖርም።

ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ውል ላይ ማጻፍም እንዲሁ ነው። «ለግብር እንዲቀለን» ይባላል፤ ደላላውም ያግዛል፣ ኮሚሽኑ የሚከፈለው ሲያልቅ ነውና። ነገ ክርክር ቢነሳ ግን ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ነው። ያልተከፈላችሁ ቀሪ ካለ በምን ታስረዳላችሁ?

ስም ሳይዛወር መኪና አይለቀቅ

ክፍያው ተጠናቆ ስሙ በእናንተ ከቀረ ነገሩ አላለቀም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂው ባለቤቱ ነው፣ ሌላ ሰው ቢነዳውም። ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ አደጋ ቢደርስ የሚፈለገው ሊብሬው ላይ ያለው ስም ነው። ስለዚህ «ውክልና ስጠኝና በኋላ አዛውራለሁ» የሚለውን ገዢ እምቢ በሉ። ሰሌዳዋ የአዲስ አበባ ከሆነና ገዢው ፋይሉን ወደ ክልሉ ማዛወር ከፈለገ ጊዜ ይወስዳልና፣ ማን እንደሚያስጨርስና ወጪውን ማን እንደሚችል በውሉ ይጻፍ። መኪናዋ በምን ሰዓት እንደተረከበችም ይጻፍ፤ ከዚያ ሰዓት በፊትና በኋላ ያለ ቅጣት የማን እንደሆነ ይለያል።

ስሙ ሲዛወር በአዲሱ ባለቤት ስም የወጣውን የሊብሬ ኮፒ ወንድማችሁ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ከውሉ ኮፒና ከባንክ ደረሰኙ ጋር አስቀምጡት። ከዚያ ውክልናውን ሰርዙ። የተሻረበትን ጽሑፍ ውክልናው ወደተመዘገበበት ቢሮ አድርሱ፣ ወንድማችሁም እጁ ላይ ያለውን ኦሪጅናል እዚያው ይመልስ።